ሦስት ጠርሙስ ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የእኔን በር የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው፤ እሱም ቢሆን ቁጥሩን ጽፎ ለመሄድ እንጂ እኔን ብሎ አይደለም። ስከፍት አንዲት ለግላጋ ልጅ ቆማለች፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ ሰማያዊ ሂጃብ አድርጋለች፣ ፎርም የተቆለለበት የወረቀት መያዣ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ሀያት እባላለሁ አለችኝ። የነርስ ተማሪ ናት፤ ለማኅበረሰብ ጤና ልምምድ እሷና ጓደኞቿ ከሚሴን በሠፈር ተከፋፍለው ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። «እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት» ስትለኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እንግዳ መጣ ማለት ነው።

ወንበር ሰጥቻት ተቀመጠች። «በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«አንድ።»

ብዕሯ ቆመ። «ማለቴ… አብሮዎት የሚያድር ዘመድ፣ ልጅ፣ ሠራተኛ?»

«አንድ ብለሽ ጻፊው የኔ ልጅ። አትፍሪ።»

ጻፈችው። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ ዜሮ። በቅርቡ የወለደች እናት፣ ዜሮ። ነፍሰ ጡር የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቴን አየት አድርጋ ልትዘለው ስትል «ፎርም አይዘለልም፣ ጠይቂኝ» ብያት ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቱ ላይ የተደረደረው ዜሮ ዓይኔ ገባ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ራሴ በሰው ቤት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ፎርም ሞልቻለሁ፤ ዜሮ የበዛበት ቤት ሥራው ስለሚቀል ደስ ይለኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት ምን እንደሚሰማት ጠይቄ አላውቅም። ጡረታ የወጣሁ ነርስ መሆኔን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ብነግራት ትደነግጣለች፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተጠያቂ ሆኜ መቀመጥ አማረኝ።

ጥያቄው ሲያልቅ ወደ ትምህርቱ ገባች። እጅ መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ አጎበር። ቀጥላ ከጋውኗ ኪስ አንድ ፓኬት አወጣች። «ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ይህን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይሰጡታል።»

«በምን እለካዋለሁ?» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«አንድ ሊትር በሚይዝ ዕቃ።»

«ባይኖረኝስ?»

ልጅቷ ፎርሟን አየች። እዚያ ላይ መልሱ የለም። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ግን መልስ ነበረኝ፤ ያውም ሳልጠየቅ የምናገረው።

ከሚሴ የወረድኩት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ወረድኩ የምለው የእውነት ስለሚወረድ ነው። አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲንደረደር በየማቆሚያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅሁ፣ ካፖርቴን ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ሹራቤን አጣዬ ላይ፣ ከሚሴ ስደርስ የልብስ ክምር ጭኔ ላይ ታቅፌ ነበር። ያን ጊዜ አፍሮ ጠጉር ነበረኝ፤ ዛሬ ማን ያምነኛል። ነጩን ጋውኔን እናቴ በከሰል ካውያ ተኩሳ አጣጥፋ ነው የሰጠችኝ። ጫማዬ ነጭ ሸራ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ከከሚሴ በታች ያለው የጨፋ ሸለቆ ጭቃ በላውና በሦስት ብር ኮንጎ ገዛሁ። ኮንጎ የምንለው ያ የላስቲክ ጫማ በከሚሴ ሙቀት እግር ይቀቅላል፤ ግን የቦርከናን ወንዝ ተሻግረሽ ስትወጪ ውሃውን ደፋ አድርገሽ መንገድሽን መቀጠል ነው። ቤት የተከራየሁት ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ ነበር። ባለቤቷ እትዬ የሺ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ትሸጣለች፤ ለሾፌሮቹ ቢራ ትከፍታለች፤ ሬዲዮኗ በባቲ ቅኝት የሚዜም አንድ የፍቅር ዘፈን ደጋግሞ ያሰማል፣ እኔም ጋውኔን እያጠብኩ አብሬ አንጎራጉራለሁ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። አንዳንዴ ከባጃጆቹ አጠገብ ቆሜ የእትዬ የሺ በር የቱ ጋ እንደነበር እፈልጋለሁ፤ ሾፌሮቹ «እማማ፣ የት ልውሰድዎት?» ይሉኛል። የትም አልልም።

ሥራዬ በጨፋ ሸለቆ መንደሮች ውስጥ ቤት ለቤት መዞር ነበር። ትምህርት ቤት የነገሩንን ሁሉ ይዤ ነው የመጣሁት፤ የነርስ ቦርሳ መሬት አይነካም፣ ከሥሩ ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ቦርሳው ከመከፈቱ በፊት እጅ ይታጠባል፤ ጤነኛው ሕፃን ከታመመው በፊት ይታያል። ሁሉም ትክክል ነው፤ ዛሬም ተማሪ ብትጠይቀኝ ያንኑ ነው የምላት። ያላስተማሩኝ ነገር ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል ነበር። ያን ያስተማረችኝ ዘሀራ ናት። ዘሀራ እኩያዬ ናት፤ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። አባቷ ከሚሴ እህል ይነግዱ ስለነበር ከኦሮምኛዋ ጋር አማርኛውንም አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ለዚህ ነው የመንደሩ ሊቀመንበር አስተርጓሚ ትሁንሽ ብለው የሰጡኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ስለ ክትባት ስጀምር ጋውኔን ከኋላ ጎተት አደረገችኝ።

«ሲስተር፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አለችኝ ስንወጣ። «እኛ ዘንድ መጀመሪያ ‹አካም ቡልተኒ› ይባላል፣ እንዴት አደራችሁ። ቀጥሎ ላሟ ትጠየቃለች። ከዚያ ማሽላው። ልጁ መጨረሻ ነው።»

«ልጁ እስከዚያ ቢብስበትስ?»

«ላሟን ሳትጠይቂ ልጁን አያሳዩሽማ።»

እውነቷን ነበር። ላሟን መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ማንም ሕፃን የደበቀኝ የለም። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤ ማሽላው በደረሰ ጊዜ ከሰው እርሻ ጠርዝ ጥንቅሽ ትቆርጥልኝና እየመጠጥን፣ ልጣጩን እየተፋን፣ ልጇም የእናቱን ትከሻ በጥንቅሽ ውሃ እያጨማለቀ እንጓዛለን። አገሬ ሩቅ፣ ዘመድ የለኝ፣ ሃይማኖታችን ሌላ፤ ግን ማታ ማታ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነገ ከዘሀራ ጋር ነኝ እያልኩ ነው የምተኛው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰው አላገኘሁም። ባል ነበረኝ፤ እሱም ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ቢሆንም ለመሳቅ ዘሀራን የሚያህል አልነበረም።

የተቅማጥ ወቅት ሲቃረብ ያ ፓኬት መጣ። ሥልጠና ላይ የነገሩን መለኪያ ቀላል ነው፤ ገጠር ውስጥ የሊትር ዕቃ ስለማይገኝ ሦስት የቢራ ጠርሙስ ውሃ ይሞላል፣ ያ አንድ ሊትር ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ያሰበ ሰው እንዴት ብልህ ነው ብዬ አደነቅሁ። ከእትዬ የሺ አንድ ባዶ ጠርሙስ ለመንኩ፣ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ ወረቀቱን ልጬ አስለቀቅሁት። ሴቶቹን ከመንደሩ ዋርካ ሥር ሰበሰብን። ከፊት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ የዘሀራ አማት ሼህ እንድሪስም መቁጠሪያቸውን ይዘው ከመሃላቸው አሉ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ «በዚህ የቢራ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ» አልኩ። የሴቶቹ ዓይን ወደ መሬት ወረደ። አይቼዋለሁ፤ ግን የገጠር ሴት ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩት። ዘሀራ ተረጎመችልኝ፤ የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከላሟ ስለማያልፍ ምን እንዳለች አላወቅሁም። «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «ገብቶናል» አሉ። አንዲት ሴት አልጠየቀችም። እኔም ቤታችሁ ያለውን ዕቃ አሳዩኝ አላልኩም። ያቺን አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ በዚያ መንደር ከዳር እስከ ዳር አንድ የቢራ ጠርሙስ እንደሌለ፣ ቢገኝም ማንም እናት ልጇ የሚጠጣውን በሱ እንደማትለካ እዚያው አውቅ ነበር። አልመጣልኝም። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በራሴ ረክቼ ተመለስኩ።

ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቼ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አሥር ቀን ቆይቼ ስመለስ እትዬ የሺ ከአውቶቡስ ገና ስወርድ አገኘችኝና «ያቺ የጨፋዋ ጓደኛሽ ልጇ ሞተባት» አለችኝ። ሻንጣዬን እሷ ዘንድ ጥዬ በእግሬ ሄድኩ። ዘሀራ በሴቶች መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ሴቶቹ ወጣ ሲሉ ነገረችኝ። ተቅማጥ ያዘው። ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ አለች፤ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ጠማው፣ ጨመርኩለት፤ አሁንም ጠማው፣ አሁንም ጨመርኩለት፤ በሁለተኛው ቀን አንቀጠቀጠው፤ ወደ ከሚሴ ይዘነው ወጣን፣ ቦርከና ሳንደርስ ዝም አለ።

«በምን ለካሽው?» አልኳት።

ተነሥታ ከጓዳ ይዛ መጣች። ቡናማ፣ ከመሃል ጣቴ ብዙ የማይረዝም የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ልጇን ሲያስለው ከክሊኒክ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሽሮፑ ሲያልቅ አጥባ አስቀምጣዋለች። «ቤታችን ያለው ጠርሙስ ይሄ ነው» አለች። «ሦስት ጊዜ ሞላሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሲስተር፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም» አልኳት። «ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። የአላህ ፈቃድ ነው።»

አንገቴ ላይ ማተብ ያሰርኩ ሴት፣ የሷን አምላክ ስም ጠርቼ ከኋላው ተደበቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ፈራሁ፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። ከሥራ የሚያባርሩኝ መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ ዘሀራ የምትጠላኝ መሰለኝ። በማግስቱ ክሊኒክ ውስጥ በሬን ዘግቼ ያንኑ የሚያህል ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሞልቼ አንድ ፓኬት በጠበጥኩበት። የተማርነው የመቅመሻ ሕግ አለ፤ ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ለልጅ አይሰጥም፣ ይደፋል። ቀመስኩት። ምላሴን ፈጀኝ። የተጠማ ሕፃን ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሲጠጣ ነበር፤ ውሃ ሲለምን ይህ ይጨመርለት ነበር። ከእንባ ጋር ለማወዳደር ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥሁ። በየቤቱ አንድ ሊትር ለክቼ ይዤ እገባለሁ፤ ሴትዮዋ ያላትን ዕቃ፣ ቅልም ይሁን ጣሳ፣ አምጪ እላታለሁ፤ ውሃውን እገለብጥበትና የደረሰበት ላይ በሚስማር ጭረት አደርግላታለሁ። እሷ ፊቴ ትበጠብጣለች፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ለዚህ ጭረት ብለው አስነሥተው አጨበጨቡልኝ፤ ከየት አገኘሽው ያለኝ የለም። የዘሀራን ቤት ግን ዳግመኛ አላየሁትም። አለቃዬን ለምኜ በሸለቆው ማዶ ያሉ መንደሮችን ወሰድኩ። ገበያ ውስጥ ስንገናኝ «ነገያ?» «ነገያ» ተባብለን እናልፋለን፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ቆይተው እነ ዘሀራ ጨፋ ሮቢት ገቡ፣ እኔም አገባሁ፣ መንግሥትም መጣ ሄደ፣ ገበያ ላይ መገናኘቱም ቀረ። ዘመኑ እንዲህ እያለ ሄደ እላለሁ እንጂ፣ የሸሸሁት እኔ ነኝ።

ሀያት አሁንም ፓኬቱን ይዛ ትጠብቀኛለች። ስለ ሚስማሩ ነገርኳት፤ ለምን እንደጀመርኩት አልነገርኳትም። ፎርሟን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈችው። «እማማ፣ ነርስ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። አገርሽ የት ነው ስላት ጨፋ ሮቢት አለች። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ዘሀራ የምትባል፣ የሼህ እንድሪስ ምራት…»

«እማማ ዘሀራን? ወላሂ ጎረቤታችን ናት። ዓይኗ ደከመ እንጂ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሰላም ልበልልዎት?»

«አይ፣ ተይው» አልኳት፣ ፈጠን ብዬ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲዞርብኝ ሰነበተ፤ እኔ ዛሬ ብሞት ዘሀራ ልጇን በገዛ እጇ ምን እንዳደረገችው እያሰበች ትቀራለች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዓይኗ ሲደክም እንኳ አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ መንገድ ወሬ ሳይጀመር አለቀ። ማሽላው ዘለላ ይዟል፣ ከብቱ ረግረጉ ዳር ተበትኗል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ ተኝቷል። ዘሀራ ከቤቷ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሰላም ስላት በድምፄ አወቀችኝ። «ሲስተር» አለች፤ እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ። ስለ ከብቱም ስለ ማሽላውም ጠየቅኋት፤ ወጉም ስለሆነ፣ ለማዘግየትም ፈልጌ። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ከዚያኛው በኋላ አምስት ወልዳለች፤ ቀን ቀን ሁሉም በየሥራው ስለሚሄድ ብቻዋን ናት።

ከዚያ ነገርኳት። ጠርሙሱ ትንሽ እንደነበረ፣ ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ በዝቶ ልጅ እንደሚጎዳ፣ ቤትሽ ምን ዕቃ አለ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ፣ የዚያን ቀን አውቄ እንደዋሸኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «የማዶ ሴቶች ገበያ ላይ፣ ጣሳቸው ላይ ጭረት እንዳደረግሽላቸው ሲያወሩ ጊዜ ገባኝ። ሲስተር፣ አንቺ የማታውቂው አለ። ያን ቀን ከዋርካው ሥር አማቴ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ‹የቢራ› የሚለውን በሳቸው ፊት ለማለት አፈርኩ። ዘለልኩት። ሦስት ጠርሙስ ብቻ አልኩ። ለሌላው ዘለልኩት እንበል፣ እኔ ራሴ ሰምቼው የለ? አይቼውስ የለ? የቢራ ጠርሙስ ፍለጋ ማንን ልላክ? ጠርሙስ ጠርሙስ ነው አልኩ። አንቺ ይህን ደርሰሽበት፣ ተናደሽብኝ የራቅሽኝ መሰለኝ። ይኸው እስከዛሬ መጥተሽ እስክትቆጪኝ እጠብቅ ነበር።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን የያዝኩት ነገር ለሁለት ሲካፈል ትከሻዬ ሲቀለኝ ተሰማኝ፤ እጇን ይዤ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ሁለታችንም ስንፈራራ ዕድሜያችን ማለቁን ሳስበው ልስቅም ቃጣኝ። ይቅር ተባባልን ማለት ነው ብዬ እፎይ አልኩ።

ዘሀራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁን ያን ልጄን የሚያውቅልኝ ሰው አልቋል» አለች። «አባቱ ሞተ፣ አማቶቼ ሞቱ፣ ልጆቼ አላዩትም። ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆየሁ። በሕይወት አለሽ ሲሉኝ አንቺ ታውቂዋለሽ እል ነበር። እስቲ ስሙን ጥሪልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ስሙ አልመጣልኝም። ስንት ዓመት ስለዚያ ልጅ ሳስብ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሳስብ የኖርኩት ስለ ራሴ ጥፋት ነበር። ዘሀራ እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደች።

«ጀማል ነው» አለችኝ፣ ለማታውቀው እንግዳ እንደምትነግር አድርጋ።